ፒፓው ለምን ተላቀቀ? ለምንስ መረረ?

የመጀመሪያ ፒፓዬን የጠረብኩት ከሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ ከፈረሰ ቤት የወጣ የወይራ ምሰሶ፣ ሌላው የተሰበረ የዋንዛ ጠረጴዛ እግር። በነጭ ኮላ አጣበቅኳቸው፣ ሞርሳ ላይ አሳደርኳቸው፣ ጠርቤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ስጨርስ ዓይን ትስብ ነበር። ለጎረቤቴ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ሦስተኛ ቀን ላይ በመጋጠሚያዋ በኩል ጭስ ማውጣት ጀመረች። "አንተ ልጅ፣ የሠራህልኝ ፒፓ ነው ምጣድ?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አበላሽቻለሁ። ለመግባባት ያህል፦ ትምባሆው የሚጠቀጠቅበትን "ጉድጓድ"፣ ከሱ የሚወጣውን ክፍል "አንገት"፣ ለብቻው ተሠርቶ አንገቱ ውስጥ የሚሰካውን የአፍ መያዣ "ጫፍ" እላለሁ።

መጋጠሚያው ይላቀቃል

አንዱ ጥፋተኛ ኮላው ነው። ነጭ ኮላ 100 ዲግሪ ሳይሞላ ይለሰልሳል። የትምባሆ ፍም ደግሞ በብዙ መቶ ዲግሪ ነው የሚነደው። ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራው ኢፖክሲም ቢሆን ከፍም ጋር አይገፋም።

ሌላው እንጨቱ ራሱ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይሄ የሚሆነው በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። እኔ ወይራውን በቁም፣ ዋንዛውን በአግድም ነበር ያጣበቅኩት። አንዱ ሲያብጥ ሌላው አልከተለውም። ኮላው መሀል ቤት ተቀደደ።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ግን ልብ ይጠይቃል። ጉድጓዱ ከአንድ ወጥ ጠንካራ እንጨት ይሁን። ድብልቁን፣ ቀለሙን፣ ጌጡን ለአንገቱ ተዉት፤ እዚያ ሙቀቱ ቀላል ነው። ሲጣበቁም የሁለቱም እንጨት ክር (የርዝመት መስመሩ) ወደ አንድ አቅጣጫ ይሂድ። የተላቀቀው አንገቱ ላይ ከሆነ የድሮውን ኮላ ፍቃችሁ እንደገና አጣብቁ። ጉድጓዱ ላይ ከሆነ ግን አትድከሙ። የጋሼ ፒፓ ዛሬ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ናት።

ጣዕሙ ይመራል፣ ወይም መድኃኒት መድኃኒት ይላል

መጀመሪያ የእንጨቱን ታሪክ ጠይቁ። ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ) ከሆነ ማህተሙን እዩ። "ኤች ቲ" የሚሉት ሁለቱ የላቲን ፊደላት በሙቀት ታክሟል ማለት ነው። "ኤም ቢ" ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፤ አትንኩት። ኤች ቲም ቢሆን ፓሌቱ ላይ ምን ሲፈስበት እንደከረመ ማንም አያውቅም፣ እኔ ለፒፓ አልጠቀምበትም። የመብራት ምሰሶ ቁራጭ ደግሞ ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የተነከረ ነው። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል።

እንጨቱ ንጹህ ሆኖ ጥድ ከሆነ ደግሞ የሚመረው ሙጫው ነው። ለእነዚህ ሁሉ ጥገና የለም፤ መጣል ነው። በብርጭቆ ወረቀት መፋቁም ብናኙን መተንፈስ ስለሆነ አያዋጣም። ለንጹህ እንጨትም ቢሆን የአፍንጫ መሸፈኛ አይለያችሁ።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቫርኒሽ ከገባ ይነዳል። ውስጡን ባዶውን ተዉት፣ ውጪውን በሰም ብቻ ወልውሉ።

ጎኑ ይግላል፣ ይጠቁራል

ግድግዳው ሳስቷል። ከ6 ሚሊሜትር በታች አትውረዱ፤ እኔ በወይራ 8 አደርጋለሁ። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበሳል።

አውሮፓውያን ለፒፓ የሚመርጡት ብራየር የሚባለው እንጨት እሳት የሚችለው ጥቅጥቅ ያለና ሲሊካ (አሸዋ ውስጥ ያለው ማዕድን) ያለው በመሆኑ ነው። ብራየር ሩቅ አይደለም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የምናየው አስታ ነው። የሚጠረበው ግንዱ አይደለም፣ ከሥሩ ላይ ያለው እብጠት ነው። ተቆርጦ ለሰዓታት ይቀቀላል፣ ከዚያ ለወራት ይደርቃል። ይህን አንብባችሁ ዶማ ይዛችሁ እንዳትወጡ! አስታ ከቃጠሎ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ከዚያው እብጠት ነው።

ለእኛ የሚሆነው መላ የጉድጓዱን ውስጥ መለሰን ነው። የላመ የከሰል ዱቄት በአሬራ እንደ ሊጥ ታሹታላችሁ፣ በጣት ስስ አድርጋችሁ ትቀቡታላችሁ፣ ሁለት ቀን ታደርቁታላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ትምባሆው እስከ ሲሶው ብቻ ይሞላ። ጥቁረቱ በውጪ በኩል ከታየ ግን ጊዜው አልፏል።

እንደ ጋያ ውስጡ ይንተከተካል

የጭሱ ቀዳዳ ጉድጓዱ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ነው የወጣው። ከሱ በታች የቀረው ትምባሆ አይነድም፣ ውሃ ያቁራል። ወለሉን በዚያው በከሰልና በአሬራ ሊጥ ሞልታችሁ እስከ ቀዳዳው አፍ አድርሱት። ለሚቀጥለው፦ እንጨቱ ገና አራት ማዕዘን ሳለ ብሱት። መጀመሪያ የጫፉ መሰኪያ፣ ከዚያ 4 ሚሊሜትር የሆነው የጭስ ቀዳዳ፣ በመጨረሻ 19 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ። ቅርጹ ከዚያ ይደርሳል።

ሳይጨስበት ይሰነጠቃል

አልደረቀም። የቆየ ምሰሶ ሁሉ ደረቅ አይደለም፤ መሬት የነካው በኩል ውሃ ጠጥቷል። በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ጥረቡት። ቶሎ እንዳይደርቅ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች በሰም ሸፍኑ።

ጫፉ ይላላል

ትንሽ የንብ ሰም ይበቃዋል። ፒፓው ትኩስ እያለ ግን ጫፉን አትንቀሉት፤ አንገት የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።