ቋሚ ገቢ የሌለው አዲስ ተመራቂ የመጀመሪያውን ዓመት በባሕር ዳር እንዴት ሊያልፍ ይችላል?

በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የመንግሥት ድጎማ የለም። ያሉት ድጋፎች ከዲግሪ ጋር ሳይሆን ከነዋሪነት፣ ከቤተሰብ መዝገብና ከምዝገባ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ ተመራቂው ሊያገኛቸው የሚችለው ወረቀቱን በቅደም ተከተል ከያዘ ነው። የገንዘቡም ጉዳይ እንዲሁ አስቀድሞ ማሰብን ይፈልጋል። ምረቃ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ በክረምት መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ ተማሪው ከመኝታ ክፍሉና ከካፌው የሚሰናበተው የከተማው ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰሞን ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህንን ታሳቢ ያደረገ ነው።

1. ከግቢ ሳይወጡ ወረቀት ይጨርሱ

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በፔዳም ይሁን በፖሊ የተማረ ሰው ክሊራንሱን ጨርሶ ጊዜያዊ ዲግሪውን (ቴምፖውን) እና ስቱደንት ኮፒውን በእጁ ሳያስገባ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም፤ ለአንዲት ፊርማ ተመልሶ መምጣት የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻውን ከባድ ነው። ከእነዚህ ጋር የወጪ መጋራት ውሉን (የትምህርት ወጪዎን ድርሻ በኋላ ለመክፈል የገቡትን ውል) ቅጂ ይጠይቁ። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት፣ ተመራቂው ዕዳውን የሚከፍለው ገቢ ማግኘት ከጀመረ በኋላ ሲሆን፣ የሚቆረጠውም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ሥራ ሳይያዝ በዕዳው መጨነቅ አያስፈልግም። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ግን ዕዳው ሳይከፈል ስለማይለቀቁ፣ ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክት ሰው ይህንን ወጪ አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

2. የየት ቀበሌ ነዋሪ እንደሚሆኑ ይወስኑ

ብዙ ተመራቂዎች ሳያስቡበት የሚያልፉት ውሳኔ ይህ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። በባሕር ዳር በሥራ ፈላጊነት ለመመዝገብ፣ ከሌሎች ጋር ተደራጅቶ ብድር ወይም የመሥሪያ ቦታ ለመጠየቅ የከተማው የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው ይህንን መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌው መሸኛ (የመልቀቂያ ደብዳቤ) ማምጣት ይኖርበታል። መሸኛ ያወጣ ሰው ደግሞ ከወላጆቹ ቤተሰብ መዝገብ ይሰረዛል።

ጉዳቱ የሚታየው ሕመም ሲመጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሚያደርገው ግለሰብን ሳይሆን ቤተሰብን ነው። ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት በወላጆቹ የመድኅን ደብተር ላይ ሊሰፍር ይችላል። ተመራቂው በራሱ መታወቂያ ሲወጣ ግን ራሱን እንደ አንድ ቤተሰብ አስመዝግቦ ሙሉውን መዋጮ መክፈል አለበት። ምዝገባውና እድሳቱ በዓመት አንድ ጊዜ በተወሰነ ወቅት የሚካሄድ በመሆኑ፣ መሸኛ ከማውጣትዎ በፊት ሁለቱንም ቀበሌዎች ወቅቱ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አለዚያ በመካከሉ ያለ መድኅን ሊቀሩ ይችላሉ። ከተማው ውስጥ ሥራ ሊጀምር የተቃረበ ሰው መሸኛውን ቢያወጣ ይሻለዋል። ገና መንገዱ ያልለየለት ግን ቢያንስ እስከ ክረምቱ መውጫ በቤተሰቡ መዝገብ ላይ ቢቆይ አይጎዳም። ደብተር የያዘም ቢሆን ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ መጀመር አለበት፤ ሪፈር ሳይጻፍለት በቀጥታ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ወጪውን ከኪሱ ሊሸፍን ይችላል።

በከተማ ሴፍቲኔት (ለድሃ ቤተሰቦች በተዘጋጀው የድጋፍ ፕሮግራም) በኩል ድጋፍ የሚፈልግ ሰውም መመዘኛው የቤተሰቡ የኑሮ ሁኔታ እንጂ የተመራቂው ሥራ ማጣት አለመሆኑን ይወቅ። ቤተሰቡ በኮሚቴው ተለይቶ ካልተመረጠ በቀር ዲግሪ ይዞ መሰለፍ ጊዜ ማባከን ነው።

3. በሥራ ፈላጊነት ይመዝገቡ

ፋይዳ መታወቂያዎን፣ የነዋሪነት መታወቂያዎንና የትምህርት ማስረጃዎን ቅጂ ይዘው በቀበሌዎ ወይም በክፍለ ከተማዎ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይመዝገቡ። ምዝገባው ሥራ እንደሚያስገኝ ዋስትና አይሆንም፤ ሆኖም ለሥልጠናም ሆነ ለመደራጀት መነሻ የሚሆነው የሥራ ፈላጊነት ማስረጃ ስለሆነ፣ ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳይጠብቁ በእጅዎ ያድርጉት።

4. ገንዘቡን በወር ሳይሆን በዓመት ይቁጠሩ

ቋሚ ደመወዝ የሌለው ሰው ብር በገባ ወር ይጠግባል፤ በሌለ ወር ይበደራል። መፍትሔው እርግጠኛ የሆነውን ገቢ ብቻ ለይቶ ለአሥራ ሁለት ወር ማካፈል ነው። አንድ ተመራቂ ሁለት ቤት ልጆች ያስጠናል እንበል፤ ከእያንዳንዱ ቤት በወር 2,500 ብር ይከፈለዋል። ማስጠናት ከጥቅምት እስከ ሰኔ ለዘጠኝ ወር የሚቆይ ስለሆነ የዓመቱ ገቢ 45,000 ብር ነው። ይህ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 3,750 ብር ይደርሳል። እንግዲህ የዚህ ሰው ደመወዝ 3,750 ብር እንጂ 5,000 ብር አይደለም ማለት ነው። ከየወሩ የሚተርፈው 1,250 ብር በዘጠኝ ወር 11,250 ብር ይሆንና ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን በዚያው በ3,750 ብር ሂሳብ ያሻግረዋል። ጳጉሜን እዚህ ስሌት ውስጥ አልገባችም፤ የበዓሉ ዶሮና ሽንኩርት ግን እሷ ላይ ነው የሚሸመተው፣ ስለዚህ ጥቂት መቶ ብሮች ለብቻ ቢቀመጡላት መልካም ነው።

በጥርና ከፋሲካ በኋላ በሚበዛው ሠርግ ካሜራ በመያዝ፣ በጥምቀት ሰሞን እንግዳ በማስተናገድ ወይም መረጃ በመሰብሰብ የሚገኘው ገንዘብ በዚህ ስሌት ውስጥ መግባት የለበትም። እሱ ለጤና መድኅን መዋጮ፣ ለዕድርና ላልታሰበ ወጪ የሚውል ነው።

1,250 ብሩን በእጅ ይዞ አለመንካት ለብዙ ሰው ይከብዳል። ለዚህ ዕቁብ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን አገባቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ገቢው በሰኔ የሚቆም ሰው ዓመቱን ሙሉ በሚጣል ዕቁብ ውስጥ ከገባ ነሐሴ ላይ ያፍራል። ከሚተማመኗቸው ሰዎች ጋር ዘጠኝ ሆነው ከጥቅምት እስከ ሰኔ ብቻ የሚዘልቅ፣ በወር 1,250 ብር የሚጣልበት ዕቁብ ይመሥርቱና የመጨረሻውን ዕጣ እንዲሰጡዎት ይስማሙ፤ 11,250 ብሩ ልክ በሚያስፈልግበት ወር በእጅዎ ይገባል። የመጨረሻ ዕጣ ወሳጅ ዋስ ጥራ ባይባልም፣ ቀድመው የበሉት ቢያቋርጡ ተጎጂው እሱ ነውና እነሱ ዋስ እንዲጠሩ አጥብቆ መጠየቅ መብቱ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ግን በዚህ ስሌት አይሸፈንም፤ ገና ምንም አልተጠራቀመምና። እስከ መስከረም ወላጅ ቤት መቆየት የሚችል ሰው የቤት ኪራይ ከሚከፍል ይቆይ፤ ሰው ምን ይለኛል ተብሎ የሚከፈል ኪራይ ውድ ነው።

5. ከትናንሽ ብድሮች ይጠንቀቁ

በስልክ የሚገኙት እንደ ቴሌብር መላና እንደኪሴ ያሉ ብድሮች ዋስትና ስለማይጠይቁ ይቀላሉ፤ ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያ አላቸው። የሚመለሱበት ገንዘብ መቼ እንደሚገባ በቀን ካልታወቀ አይወሰዱ። ገንዘብዎንም ሁሉ ስልክ ላይ ብቻ አያስቀምጡ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ መተግበሪያ ብቻ የለመደ ሰው ተቸግሮ ነበር። ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠሩ ይወቁ፤ የአንድ ሳምንት ወጪ የሚሆን ጥሬ ብርም ቤት ይኑር።

6. ለግብሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ያውጡ

ለድርጅት በአጭር ውል የሚሠራ ሰው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቢያወጣ ይጠቅመዋል፤ ቁጥር ሳያቀርብ አገልግሎት ከሸጠ ከክፍያው 30 በመቶ ሊቀነስበት ይችላል። በደመወዝ ለተቀጠረ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ በወር እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ከግብር ነፃ ነው። የግል ድርጅት ሲቀጥርዎት ከእርስዎ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ መግባቱን ያረጋግጡ፤ የጥቂት ወራት አገልግሎትም ቢሆን በኋላ ይደመራል። ንግድ ፈቃድ ግን ሥራው በትክክል ሳይጀመር አይውጣ፤ ፈቃድ ያለው ሰው ምንም ባይሸጥም በየዓመቱ ማሳወቅና ማሳደስ ይጠበቅበታል፣ ለመመለስም የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል።