ሊኑክስን የዕለት ተዕለት ስልክ ለማድረግ ከሲም ካርዱ ይጀምሩ

ስልካቸው ላይ በአንድሮይድ ምትክ ሊኑክስ የተባለውን ክፍት ሲስተም ጭነው በየቀኑ ሊገለገሉበት የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት የትኛው አፕ እንደሚሠራ ነው። አዲስ አበባ መሀል ለሚኖርና ለሚሠራ ሰው ግን መቅደም ያለበት የጥሪ፣ የአጭር መልእክት፣ እንዲሁም በኮከብ ተጀምረው በመሰላል የሚያልቁ የአገልግሎት ቁጥሮች ጉዳይ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከሠሩ ቴሌብርን በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ደግሞ በ*889# ያለ ኢንተርኔትና ያለ አፕ መጠቀም ስለሚቻል፣ ከባዱ ችግር ገና ከመነሻው ይቃለላል።

ለጀማሪ የምመክረው ኡቡንቱ ተች የተባለውን የስልክ ሊኑክስ ነው። የሠራው ኩባንያ ካኖኒካል እ.ኤ.አ. በ2017 ሲተወው ዩቢፖርትስ የተባለው ማኅበረሰብ ተረክቦታል፤ በብዙ ስልኮች ላይ የአንድሮይዱን የሃርድዌር ድራይቨሮች (ሲስተሙን ከስልኩ ክፍሎች ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች) ስለሚጠቀም በጥሪና በካሜራ በኩል የተሻለ ነው። አልፓይን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተገነባው ሌላው የስልክ ሲስተም ፖስትማርኬትኦኤስ አምራቾች የተዉአቸውን ስልኮች ዕድሜ ለማራዘም የሚያደርገው ጥረት እጅግ የሚከበር ቢሆንም፣ በብዙ ስልኮች ላይ ጥሪው ወይም ካሜራው ገና አልተሟላም።

ስልኩን በሚመለከት ጎግል ፒክስል 3ኤ ጥሩ መነሻ ነው። በፒያሳም ሆነ በስታዲየም ዙሪያ ያገለገለ ስልክ ሲገዙ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ስልኩን ከዋይፋይ ጋር ያገናኙ፤ ከዚያም ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ይንኩ፤ በሚከፈተው የዴቬሎፐር ኦፕሽንስ ገጽ ላይ ሌላ ሲስተም ለመጫን የሚፈቅደውን ኦኢኤም አንሎኪንግ የሚል ማብሪያ ይፈልጉ። ማብሪያው ደብዝዞ አልነካ ካለ ስልኩን ይተዉት። ከአሜሪካ ከሚመጡት ፒክስሎች መካከል በቬራይዘን በኩል የተሸጡት ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተዘጉ ናቸው፤ ሻጩ ለማንኛውም ሲም ክፍት ነው ቢልዎት ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

መጫኑ የሚፈራውን ያህል አይከብድም። ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሲከፈት በስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ፎቶና አድራሻዎችን አስቀድመው ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ፤ የዩቢፖርትስ ጫኚ ፕሮግራም የሚጠይቀውን የአንድሮይድ ሥሪት ያሟሉ፤ የቀረውን ፕሮግራሙ ደረጃ በደረጃ ይመራዎታል።

ትዕግሥት የሚጠይቀው ፈተናው ነው። ደመወዝዎና የባንክ መልእክትዎ የሚመጣበትን ሲም በአሮጌው ስልክ ላይ ትተው በሌላ መስመር ይሞክሩ። በ*804# ቀሪ ሂሳብ ይጠይቁ፤ ቀጥለው *127# ደውለው ዝርዝሩ መምጣቱን ብቻ ሳይሆን ቁጥር መርጠው ሲልኩ ቀጣዩ ዝርዝር መከፈቱን ያረጋግጡ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን መልስ አሳይቶ ሁለተኛውን ምርጫ የማይቀበል ስልክ ለክፍያ አይሆንም። ከዚያም ስልኩን ቆልፈው ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነኩት ያስቀምጡና ሰው ይደውልልዎ። በሊኑክስ ስልኮች ላይ ባትሪ ለመቆጠብ የተኛው ሲስተም ጥሪ ሲመጣ ዘግይቶ መንቃቱ የታወቀ ድክመት ነውና ይህ ፈተና መታለፍ የለበትም። በ4ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ የማያስተናግድ ከሆነ በጥሪ ጊዜ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል፤ ኢንተርኔቱ ያኔ ቢዘገይ ወይም ቢቋረጥ ስልኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አማርኛው በባዶ ሳጥን ከታየ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት መጫን ይበቃል። ለመጻፍ ግን በቁልፍ ሰሌዳዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ መኖሩን አስቀድመው ይመልከቱ።

ለቴሌግራም በኡቡንቱ ተች ላይ ቴሌፖርትስ የተባለ አፕ አለ። የአንድሮይድ አፖችን ዌይድሮይድ በተባለው ፕሮግራም ማስኬድ ይቻላል፤ ሆኖም ብዙ የባንክ አፖች የስልኩን ደኅንነት ስለሚመረምሩ እዚያ ላይ አልከፈት ሊሉ ይችላሉ። ታክሲ ለመጥራት የራይድን አፕ የግድ መክፈት የለብዎትም፤ 8294 ላይ መደወል ይቻላል። ያለ አፕ ፈጽሞ የማይሆን አገልግሎት ካለዎት አሮጌውን ስልክ ያለ ሲም ለእሱ ብቻ ቤት ውስጥ ያቆዩትና ዋናውን ሲም ወደ አዲሱ ያዛውሩ።