በኤአይ ሪሰርች የምትሰሩ ልጆች እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ቴሲስ የምትሰሩ፣ በተለይ የእርሻና የባዮሎጂ ልጆች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ኤአይ ሳይንስን እየቀየረው እንደሆነ አያከራክርም። የ2024ቱን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የኬሚስትሪ ኖቤል ከወሰዱት ሶስት ሰዎች ሁለቱ፣ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር፣ የተሸለሙት የፕሮቲን ቅርጽ በሚተነብየው አልፋፎልድ በሚባል ኤአይ ነው፣ ድሮ የአንድ ፕሮቲን ቅርጽ ለማግኘት ላብራቶሪ ውስጥ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅ ነበር፣ ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ትንበያ ኦንላይን በነጻ ተቀምጧል፣ መሀል ሜዳ ከተማ ያለ ልጅ ኔትወርክ ካገኘ ለንደን ካለው እኩል ያየዋል። ደስ ይላል። ግን አጠቃቀማችን ላይ የማየው ነገር ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ውጤታችንን አምኖ የሚዘራ ገበሬ አለ።

አንደኛው ስህተት ቻትጂፒቲን የመሰለ ቻትቦት ጠይቆ የመለሰውን እንዳለ ሊትሬቸር ሪቪው ላይ መለጠፍ ነው። የባቄላ ቆርምድ የሚባለውን በሽታ ውሰዱ፣ ሰሜን ሸዋ ባቄላ የሚያርስ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፣ ቅጠሉን አሳብጦ አሳብጦ ወደ ቡኒ የሚቀይረው። ለዓመታት ጽሁፎቹ በብዛት አምጪው ኦልፒዲየም የሚባል ፈንገስ ነው ሲሉ ቆዩ፣ በ2021 ግን የኢትዮጵያውን በሽታ የመረመሩ ሰዎች አይደለም፣ ፊዞደርማ የሚባል ሌላ ፈንገስ ነው ብለው አሳተሙ። ቻትቦት ደግሞ ብዙ የተጻፈበት ነገር ይቀናዋል፣ ስለዚህ የድሮውን መልስ ያለምንም ማመንታት ሊሰጣችሁ ይችላል፣ አዲሱን ፔፐር ፈልጋችሁ ካላነበባችሁ ደግሞ ስህተቱ የናንተ ሆኖ ይታተማል።

ሪፈረንስም እንደዛው፣ ቻትቦቱ የሌለ ፔፐር ከነደራሲው ከነዓመቱ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2022 ጋላክቲካ የሚባል በሳይንስ ጽሁፍ የሰለጠነ የኤአይ ሞዴል አውጥቶ የተሳሳተ ነገር እያሳመረ ሲጽፍ በሶስት ቀን ውስጥ ነው ለሙከራ የከፈተውን ዲሞ ያወረደው። እያንዳንዱን ሪፈረንስ ከፍታችሁ እዩ፣ በቃ ሌላ መላ የለውም።

አሁን ዋናው። የቅጠል ፎቶ አንስቶ በሽታ የሚለይ ሞዴል መስራት በጣም ተወዷል፣ ሁሉም አኩራሲው (ከመቶ ስንቱን በትክክል እንደለየ) 98 ነው 99 ነው ይላል። ፕላንትቪሌጅ የሚባለው ዳታሴት፣ ማለትም ለማሰልጠኛ የተሰበሰበ የፎቶ ክምችት፣ ከ54 ሺህ በላይ ፎቶ አለው፣ በ2016 በሱ የሰለጠነ ሞዴል እዛው ዳታሴት ላይ ሲፈተን 99.35 በመቶ አመጣ፣ ከሌላ ቦታ በተገኙ ፎቶዎች ሲፈተን ግን ወደ 31 በመቶ ወረደ! ፎቶዎቹ የተቀነጠሰ ቅጠል ግራጫ ወይ ጥቁር ወረቀት ላይ ተደርጎ የተነሱ ናቸው፣ ማሳ ላይ ግን ጥላ አለ፣ አረም አለ፣ ጭቃ አለ። ደግሞ ዳታሴቱ ውስጥ ካሉት 14 ሰብሎች ባቄላም ገብስም ስንዴም የለም፣ ማለትም ድንች ቢኖርበትም የኛ አገር ደጋ በዋናነት የሚያርሰው የለበትም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የራሳችሁን ፎቶ ማንሳታችሁ አይቀርም፣ ስህተቱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። አንዱን ተክል ከአምስት አቅጣጫ አንስታችሁ ፎቶዎቹን በራንደም ስትከፍሉ ሶስቱ ማሰልጠኛ ሁለቱ መፈተኛ ውስጥ ይገባሉ፣ ሞዴሉ ያንኑ ተክል ነው መልሶ የሚያየው፣ ፈተናውን ከነመልሱ እንደሰጣችሁት ቁጠሩት። ወይ ደግሞ ጤነኛውን ሞረትና ጅሩ መረሬ ጥቁር አፈር ላይ፣ የታመመውን ባሶና ወራና ቀይ አፈር ላይ ብቻ ካነሳችሁ ሞዴሉ የሚማረው የአፈሩን ቀለም ሊሆን ይችላል። መፍትሄው ከባድ አይደለም፦ አንድ ቀበሌ ሙሉ በሙሉ ለመፈተኛ ለዩ፣ ከሱ አንድም ፎቶ ማሰልጠኛ ውስጥ አይግባ፣ ውርጭ የመታውንም ቅጠል ጨምሩ ምክንያቱም እኛ ጋ ውርጭ ብርቅ አይደለም ሞዴሉም በሽታ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። አኩራሲው ወደ 70 ቢወርድ አትፈሩ፣ እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው፣ ጎበዝ አድቫይዘር ደግሞ ይረዳችኋል።

አልፋፎልድ የምትጠቀሙ ደግሞ የሚያምረውን ምስል ብቻ አትቅዱ። ለእያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 100 የመተማመኛ ነጥብ ይሰጣል፣ ከ50 በታች የሆነው ላይ ምንም አትገንቡ፣ ከፍ ያለውም ቢሆን ትንበያ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሊፈተሽ ይገባል።

ሌላው፣ የሆስፒታል ካርድ ወይ የገበሬ ስምና ስልክ ያለበትን ኤክሴል ቻትቦት ላይ መጫን። ሰዎቹ የፈቀዱት ለናንተ ጥናት ነው፣ ስሙን አጥፉ ወይ ጭራሽ አትጫኑ።

መጨረሻ ላይ፣ መጠቀማችሁን አትደብቁ። ትልልቅ ጆርናሎች ኤአይን እንደ ደራሲ አይቀበሉም፣ የት እንደተጠቀማችሁ መግለጽን ግን ይጠይቃሉ፣ ስለዚህ የሞዴሉን ስምና ቨርዥን፣ የተጠቀማችሁበትን ቀን፣ ምን እንዳሰራችሁትና እናንተ እንዴት እንዳጣራችሁት ሜቶዶሎጂ ላይ በግልጽ ጻፉት።