የባሌዋን የአስታ እንቁራሪት በወገንና በአስተኔ ለመመደብ

በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ተዳፋት፣ በሐረና ደንና ከበላዩ ባለው የአስታ ዱር በሚወርዱ ጅረቶች ዳር፣ ከአውራ ጣት የማትረዝም እንቁራሪት ትኖራለች። የእንስሳት ተመራማሪው ማልኮልም ላርገን በ1991 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቃት ወገኗን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፈውን ምድብ) አስታ ከሚጠራበት የላቲን ስም ከ«ኤሪካ» እና እንቁራሪት ከሚለው የግሪክ ቃል ኤሪካባትራኩስ፣ ዝርያዋን ደግሞ በአገሯ ስም ባሌንሲስ ብሎ ሰየማት። በወገኑ ውስጥ ከእርሷ ሌላ ዝርያ የለም።

ናሙና ከመውሰድ በፊት ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠየቃል። ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ሲታለፍም የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃው ኪትሪድ ፈንገስ እንዳይዛመት ጫማና መረብ ታጥበው በፀረ ተሕዋስያን ይጸዳሉ። ልትጠፋ የተቃረበችን ፍጥረት ለጥናት ተብሎ በብዛት መሰብሰብ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።

እንስሳዋ በአልኮል ውስጥ ቀለሟን ስለምታጣ፣ በሕይወት ሳለች በእርጥብ እጅ ተይዛ ጀርባዋም ሆዷም ፎቶ ይነሣል፤ የተገኘችበት ከፍታና የወንዱ ድምፅም ይመዘገባል። ከዚያ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ መቀመጫ ያለው ርዝመት በካሊፐር ይለካል፤ በአጉሊ መነጽርም የጣቶቿ ጫፍ ሰፋ ማለቱ፣ በእግር ጣቶቿ መካከል ያለው ሽፋን እስከየት እንደሚደርስ፣ የጆሮ ታምቡሯ መታየት አለመታየቱ አንድ በአንድ ይጻፋል። ለዲኤንኤ የሚሆነው ቁራጭ ሥጋ ናሙናው ፎርማሊን (አካል እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ኬሚካል) ሳይነካው ተቆርጦ በ95 በመቶ ኤታኖል መቀመጥ አለበት፤ ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ በኋላ ማረም እጅግ ያስቸግራል።

መልክና ዘረመል ሁለቱም የሚያስፈልጉበትን ምክንያት የእርሷው ታሪክ ያሳያል። ላርገን በአካሏ አሠራር ተመርቶ በራኒዴ አስተኔ (ተቀራራቢ ወገኖችን የሚያቅፍ ሰፊ ምድብ) ሥር ከፔትሮፔዴቲኔ ንዑስ አስተኔ መደባት። በኋላ የዘረመል ጥናቶች ያንን ንዑስ አስተኔ ሲበታትኑት ቦታዋ አጠራጣሪ ሆነ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የዲኤንኤ ጥናት ግን ራሱን በቻለው በፔትሮፔዴቲዴ አስተኔ፣ ከእነ ካሜሩን የጅረት እንቁራሪቶች ጋር አስቀመጣት። ላርገን በዓይኑ ያየው ዝምድና ትክክል ነበር፤ የተለወጠው የቡድኑ ድንበር ነው።

ስለዚህ አዲስ ናሙና ሲገኝ ዝርያን ለመለየት የሚያገለግለው የ16ኤስ ጂን ቅደም ተከተሉ በጂንባንክ (የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች በሚከማቹበት የመረጃ ቋት) ካሉት ጋር፣ አካሉም በሙዚየም ካለው የስያሜው መነሻ ናሙና ጋር ይነጻጸራል። በናሙናው፣ በሥጋው ብልቃጥና በፎቶው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ያው አንድ መሆኑ እዚያው ጅረቱ ዳር፣ ድንኳኑ ሳይነቀል መረጋገጥ አለበት።