የማርቆስን ወንጌል ለራስ፣ ከዚያም ከአንድ ወዳጅ ጋር የማንበብ መንገድ

ብዙ ምእመናን ወደ እግዚአብሔር መቅረብንና ስለ እርሱ ለሌላ ሰው መመስከርን ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች አድርገው ስለሚያዩ፣ አንደኛውን ለጸሎተኞች፣ ሌላውን ለወንጌላውያን ይተዋሉ። የማርቆስ ወንጌል ግን በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ሁለቱን በአንድ ጠዋት ያሳየናል። ኢየሱስ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ በምድረ በዳ ብቻውን ይጸልያል፤ ስምዖንና ጓደኞቹ ተከትለው ካገኙት በኋላም በቅርብ ወዳሉት ሌሎች መንደሮች ሊሰብክ ይሄዳል (ማር. 1፥35-38)። እዚህ የቀረበው መንገድም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይይዛል።

ማርቆስ የተመረጠው ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ ስለሆነ ነው፤ 16 ምዕራፎች ብቻ አሉት፤ ጮክ ብለው ቢያነቡትም ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልም። በአንድ የዕረፍት ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ያንብቡት። ከዚያ በኋላ በየዕለቱ በአንድ ታሪክ ላይ ብቻ ይቆዩ፤ አንዱን ምዕራፍ ለመጨረስ ሳምንት ቢፈጅብዎትም አይቸኩሉ። ሰዓቱ ከሥራ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ መጽሐፉም የታተመ ይሁን። በስልክ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ለታክሲ ሰልፍ ጥሩ ነው፤ ለጥሞና ግን አይመችም፤ አምስተኛው ቁጥር ላይ ሳይደርሱ የቴሌግራም መልእክት ይጠራዎታል።

ካነበቡ በኋላ ያልገባዎትን ወይም የከበደዎትን አንድ ነገር በደብተር ይጻፉና በዚያው ነገር ይጸልዩ። ልጁ የታመመበት አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኾ ነበር (9፥24)፤ ጸሎት ለደረቀበት ሰው ይህ በቂ ጸሎት ነው። ደብተሩ ኋላ ከወዳጅዎ ጋር ሲቀመጡ ይጠቅማል፤ እርስዎን የከበደዎት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ እርሱንም ይከብደዋልና። በዚህ ሁሉ መካከል ከጉባኤ አይራቁ፤ ብቻውን የሚያነብ ሰው የራሱን አሳብ ከቃሉ ጋር ሊያደባልቅ ይችላል።

ወንጌሉን አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ከጨረሱ፣ አንድ ሰው ይምረጡ። ቀድሞውኑ ቡና አብራችሁ የምትጠጡ፣ በደስታውም በሐዘኑም ደጁን የሚያውቁት ሰው ቢሆን መልካም ነው። ደመወዙ በእርስዎ እጅ ያለ ሠራተኛ ወይም በቤትዎ የተቀጠረች ልጅ ግን አይሁኑ፤ እነርሱ «አይሆንም» ለማለት ነጻ አይደሉም። ርዳታም ቢሰጡ ከንባቡ ጋር አያያይዙት። ግብዣው ግልጽ ይሁን፦ «የማርቆስን ወንጌል እያነበብሁ ነው፤ አንዱን ታሪክ አብረን አንብበን የመሰለህን ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።» ካልፈለገ ነገሩን ይተዉት፤ ወዳጅነቱ ግን ይቀጥል።

ስለ አቀራረቡ ከፊልጶስ የተሻለ አስተማሪ አናገኝም። በጋዛ መንገድ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬን ጃንደረባ ባገኘው ጊዜ ስብከት አላስቀደመም፤ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ በሠረገላው የተቀመጠውም ሰውዬው ውጣና ከእኔ ጋር ተቀመጥ ብሎ ስለ ለመነው ነው፤ ወንጌልንም የጀመረለት ሰውዬው ይዞት ከነበረው ከኢሳይያስ ቃል ነው (ሐዋ. 8፥26-35)።

ለመጀመሪያው ቀን ምዕራፍ 2፥1-12 ይስማማል። አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ በሕዝቡ ብዛት መግባት ስለማይችሉ ጣሪያውን ነድለው አልጋውን ያወርዳሉ፤ ኢየሱስም ሽባውን አስቀድሞ «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» ይለዋል። ወዳጅዎ ያንብበው፤ ከዚያም ምን እንደ ገረመው ይጠይቁትና ዝም ይበሉ። ይህ ዝምታ ለእኛ ለአማኞች ከባድ ነው፤ ማብራሪያው ምላሳችን ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃልና። ምናልባት «ሰውዬው የመጣው ለእግሩ ነው፤ ስለ ኃጢአቱ ማን ጠየቀ?» ይል ይሆናል። የሕግ መምህራን የሆኑት ጸሐፍትም በዚያው ስፍራ ተሰናክለዋል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሳይዳፈን ታሪኩ ወዴት እንደሚወስደው ከቁጥር 6 ጀምሮ አብራችሁ ተከታተሉ። ኢየሱስ ያየው የማንን እምነት እንደ ሆነም ቁጥር 5ን መልሳችሁ አንብቡ፤ «እምነታቸውን» ይላልና ተሸካሚዎቹም በነገሩ አሉበት። የማያውቁትን ሲጠየቁ ለሚቀጥለው ጊዜ ቀጠሮ ይውሰዱ፤ ፈጥኖ የተፈጠረ መልስ አመኔታ ያሳጣል። አንድ ሰዓት ሲሞላ፣ ወሬው ቢጥምም፣ ይነሡ።

ወዳጅዎ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከሆነ ወንጌልን ሰምቶ እንደማያውቅ ሰው አይቁጠሩት፤ በቅዳሴ ሲነበብ እየሰማ አድጎ ይሆናል። በአማላጅነት ክርክር የተጀመረ ንባብ ምዕራፍ 3ን ሲያይ አላየሁም። በጾም ቀን ቡናው ወተት እንዳይገባበት መጠንቀቅም ከአክብሮት ይቆጠራል። ሙስሊም ከሆነ ስለ ዒሳ የሚያምነውን አስቀድሞ እንዲነግርዎ ይጋብዙትና ሳያቋርጡ ያዳምጡት። እንደ ሳዑዲ ዐረቢያ ባለ አገር ለሥራ የሄዱ ግን ከእስልምና ውጭ ያለ ሃይማኖትን በአደባባይ መስበክ በዚያ የተከለከለ መሆኑን አይርሱ፤ ከአሠሪ ቤተሰብ ጋር እንዲህ ያለ ንባብ መጀመር ለብዙ አደጋ ያጋልጣል፤ በዚያ ጸሎትና ታማኝ ሥራ ይበቃሉ።

ምዕራፍ 5 ላይ ስትደርሱ የራስዎን ምስክርነት ለመናገር ጊዜው ነው። በመቃብር ይኖር የነበረው ሰው ኢየሱስን ልከተልህ ቢለው፣ ወደ ቤቱ ሄዶ ጌታ ያደረገለትንና እንደ ማረው እንዲያወራ ተላከ፤ ትምህርት ቤት አልገባም፣ የሚናገረው የደረሰበትን ብቻ ነበር። እርስዎም አጭርና እውነተኛ ያድርጉት። ጌታን ከማወቅዎ በፊት የነበረውን ኃጢአት ለማድመቂያ አያግንኑ፤ ዛሬም የሚታገሉበትን አይሸሽጉ። «መንፈስ ነካኝ» የሚለውን የጉባኤ አነጋገር ትተው በዚያን ጊዜ የሆነውን በተራ ቃል ይንገሩት፦ ከማን ጋር ታረቁ፣ የትኛውን ዕዳ ከፈሉ፣ ምን ተዉ።

ምዕራፍ 8 ላይ «እናንተስ እኔ ማን እንደ ሆንሁ ትላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ይህን ጥያቄ እርስዎ ማንሣት የለብዎትም፤ ወንጌሉ ራሱ ያነሣዋል። ወዳጅዎ መልስ ሳይሰጥ ቢያልፈው ንባቡን እስከ መስቀሉና እስከ ባዶው መቃብር ድረስ ይቀጥሉ። ማመን እንደሚፈልግ ከነገረዎት ደግሞ ብቻዎን አይያዙት፤ ከአጥቢያዎ ሽማግሌዎች ጋር ያስተዋውቁት፣ የጥምቀት ትምህርቱንም ከእነርሱ ይከታተል፤ በመጀመሪያው እሑድ ከቤቱ ወስደው አጠገቡ ይቀመጡ፤ መዝሙሩ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።