ወጣት ጀማሪዎችን ወደ አማተር ሬዲዮ ስናስገባ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ የተበላሸ ቴፕ ፈትተው የሚጠግኑ፣ ከተጣለ ዕቃ ድምፅ ማጉያ የሚሠሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለወዳጅነት ወደሚደረገው የአማተር ሬዲዮ ግንኙነት ሲቀርቡ በደስታ ይጀምራሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ይተዉታል። በእኔ እምነት የሚተዉት ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን፣ በእነሱና በሬዲዮው ድምፅ መካከል እኛ ትልልቆቹ ስለምንገባ ነው። መምህራን፣ ወላጆችና ቀደምት ባለሙያዎች የሚከተሉትን ስህተቶች ቢያስወግዱ ብዙ ልጆች ይቆያሉ ብዬ አስባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊወገድ የሚገባው ፈቃድ ሳይያዝ የማስተላለፊያ መሣሪያ መግዛት ነው። በሀገራችን የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ነው። አካባቢያችን ካሳለፈው ጦርነት በኋላ መገናኛ ሬዲዮ ይዞ ኮረብታ ላይ የሚታይ ወጣት ጥርጣሬ ቢያስነሳ አያስገርምም፤ ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ መያዝና ለቀበሌው አስቀድሞ ማሳወቅ ልጁን ከእንግልት ያድነዋል። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ 3 ኤኤ (ET3AA) በሚል የጥሪ ምልክት፣ ማለትም በአየር ላይ በሚጠራበት መለያ ስም፣ የሚታወቅ ሲሆን፣ መንገዱን ቀድመው የሄዱበትን ሰዎች መጠየቅ ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ትምህርቱን በቀመር መጀመር ነው። የኤሌክትሪክ ግፊትን፣ ፍሰትንና ተቃውሞን የሚያዛምደው የኦም ሕግ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ልጁ አንድ ሩቅ ጣቢያ ከሰማ በኋላ ነው። በየቤቱ ያለው፣ አያቶቻችን የውጭ ዜና ይሰሙበት የነበረው አጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን ለዚህ እንደማይበቃ ማወቅ ተገቢ ነው፤ አማተሮች በአጭር ሞገድ በድምፅ ሲነጋገሩ በአብዛኛው ኤስኤስቢ በተባለው የአላላክ ዘዴ ስለሚጠቀሙ፣ በተራ ሬዲዮ ላይ ንግግሩ የማይለይ ጉርምርምታ ብቻ ሆኖ ይሰማል። ይህን ያልተነገረው ልጅ ሰማዩ ባዶ ይመስለዋል። ኤስኤስቢ የሚቀበል ሬዲዮ እስኪገኝ ድረስ በኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የከፈተውን መቀበያ በስልክ ኢንተርኔት ከፍቶ 14 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ማዳመጥ ይቻላል። ልጁ የሰማቸውን የጥሪ ምልክቶች በደብተሩ ይጻፍ፣ ከየት ሀገር እንደሆኑም ራሱ ይፈልግ፤ ጠይቆ ሲመጣ መመለስ እንጂ ቀድሞ መንገር አይጠቅምም።

በእኛ አካባቢ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ስህተት በእጅ የሚያዝ መገናኛ ሬዲዮ የትም ይደርሳል ብሎ ተስፋ መስጠት ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር ባይበልጥም ተራራው ይጋርዳል። እንዲህ ያለው ሬዲዮ የሚሠራበት፣ በ144 እና በ146 ሜጋኸርትዝ መካከል ያለው የአማተር ሞገድ በአብዛኛው በቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ አያልፍም። ሁለት ወጣቶች አንዱ ከደሴ፣ ሌላው ከኮምቦልቻ ተጣርተው ሲያጡ መሣሪያው የተበላሸ፣ ወይም እነሱ ያላወቁ ይመስላቸዋል። ፈቃድ ካላቸው በካርታ ላይ የከፍታውን መስመር ሥለው፣ አንዱ ሌላውን ማየት ወደሚችልበት ተረተር ወጥተው ቢሞክሩ ግን ያው ተራራ አስተማሪ ይሆናል።

አዲስ አበባን ለማግኘት የሚያስፈልገው በ7 ሜጋኸርትዝ ላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የሽቦ አንቴና ነው፤ ሞገዱ ወደ ላይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከተባለው የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ተመልሶ ስለሚወርድ ተራራ አያግደውም። 143ን በሜጋኸርትዝ ለተገለጸው ፍሪኩዌንሲ ስናካፍል የሽቦውን ርዝመት በሜትር እናገኛለን፤ ለ7.1 ሜጋኸርትዝ 20 ሜትር ያህል ሲሆን፣ መሐል ላይ ተቆርጦ እያንዳንዱ ክንድ 10 ሜትር ይሆናል። ለማዳመጥ ከሆነ አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር ለማገናኘት በየሱቁ የሚሸጠው የዲሽ ገመድ ይበቃል። ሽቦው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መተኛት የለበትም፤ ኃይሉ ይባክናል።

በአጭርና በረጅም ድምፅ መልእክት የሚላክበትን የሞርስ ፊደል በወረቀት ላይ እንደ ነጥብና ሰረዝ ማስጠናት ሌላው ስህተት ነው። ሞርስ የሚለመደው በጆሮ ነው፤ ፊደሉ ራሱ ፈጠን ብሎ፣ በፊደላት መካከል ያለው ዝምታ ግን ረዘም ተደርጎ ይሰማ። ሞርስ ዓለም አቀፍ ግዴታ መሆኑ በ2003 እ.ኤ.አ. ስለቀረ፣ ያልወደደውን ልጅ ማስገደድ አይገባም።

የግንኙነት መዝገብ ሲያዝ በሀገራችን ሰዓትና ቀን መጻፍ ደግሞ እምብዛም የማይነገር፣ ነገር ግን ብዙ ጣጣ የሚያመጣ ስህተት ነው። የሌላ ሀገር አማተር የሚመዘግበው ዩቲሲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓትና በአውሮፓውያን ቀን ስለሆነ፣ ሁለቱ መዝገቦች ካልተገጣጠሙ ልጁ በጉጉት የሚጠብቀው የማረጋገጫ ካርድ ላይመጣ ይችላል። በቀን ክፍለ ጊዜ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ይደመራል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በዩቲሲ 6 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ 15 ይደመራል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ዩቲሲ 0 ሰዓት ይገባል፣ አዲስ ቀንም ይጀምራል፤ ከዚያ እስኪነጋ 9 ይቀነሳል። ይህን ስሌት ሰሌዳ ላይ አንድ ቀን ከመጻፍ ይልቅ ልጆቹ በየግንኙነቱ ራሳቸው እንዲያሰሉት ማድረግ ይሻላል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ማይክሮፎኑን ለልጁ አለመልቀቅ ነው። ፈቃዱ እስከፈቀደ ድረስ ጠሪውም መላሹም ልጁ ራሱ ይሁን፤ ስሙን፣ ከተማውን፣ የምልክቱን ጥራትና የስንብቱን ቃል አስቀድሞ በወረቀት ከጻፈ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ሲሳሳት ከጎኑ ሆኖ ማይክሮፎኑን መንጠቅ በሌሎች ፊት ማሳፈር ነው። ሴት ልጆችን የመዝገብ ጸሐፊ ብቻ አድርጎ ማስቀመጥም በየክበቡ የሚታይ ልማድ ነውና፣ ተራ ወጥቶ ሁሉም እንዲጣሩ፣ ሁሉም እንዲመዘግቡ፣ ሁሉም ሽቦ እንዲሰቅሉ ይደረግ።

ሽቦው ሲሰቀልም የመብራት መስመር አጠገብ ወይም በላዩ ማሳለፍ ፈጽሞ አይፈቀድም። በክረምት፣ ደመናው መክበድ ሲጀምር፣ ነጎድጓድ ከመሰማቱ በፊት፣ ሬዲዮው ይጥፋ፤ የአንቴናው ገመድም ከመሣሪያው ይነቀል፤ ነጎድጓድ ከሩቅም ቢሆን ከተሰማ በኋላ ገመዱን መንካት አደገኛ ነው።