የትኛው ኢንዲ ሙዚቀኛ ጥሩ አልበም ማውጣቱን ይቀጥላል? አስቀድሞ የመገመቻ መንገድ

አንድ ሙዚቀኛ ግሩም አልበም ሲያወጣ አድማጭ ቶሎ የሚያነሣው ጥያቄ «ቀጣዩስ?» የሚል ነው። መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጠው አልበሙ ባሳደረብን ደስታ መጠን ነው፤ አብልጠን የወደድነውን አብልጠን እናምነዋለን። ይህ መለኪያ ግን ደካማ ነው። ኢንዲ በሚባለው ዓለም፣ ማለትም በትናንሽ አሳታሚዎች በኩል ወይም በራሳቸው ወጪ በሚሠሩ ሙዚቀኞች ዘንድ፣ ለሃያ ዓመት ጥሩ አልበም ያወጡትን በአንድ አልበም ብቻ ከቀሩት የሚለያቸው ነገር ከችሎታቸው ይልቅ በአሠራራቸው ውስጥ ይገኛል። አሠራር ደግሞ ልብ ብሎ ለሚከታተል ሰው አስቀድሞ ይታያል።

ከሁሉ በፊት የሚገመተውን ነገር በቁርጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። «ትልቅ ደረጃ ይደርሳል» የሚል ግምት ዝናን፣ ገንዘብንና ጥራትን አንድ ላይ ስለሚያደባልቅ ሊረጋገጥም ሊፈርስም አይችልም። «በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ከዚህኛው የማያንሱ ቢያንስ ሁለት አልበሞች ያወጣል» የሚል ግምት ግን ጊዜው ሲደርስ ቁጭ ብሎ ለመመርመር ይመቻል። የጥራቱ ዳኛ የራስዎ ጆሮ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ብቻ ዳኛው በመካከል ሚዛኑን እንዳይቀይር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመጀመሪያው አልበም ከሚገባው በላይ ክብደት አይስጡ

የመጀመሪያ አልበም የሚሠራው በዕድሜ ልክ ክምችት ነው። ሙዚቀኛው ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠራቀመው ሐሳብ፣ በየመድረኩ ተሞክሮ ደካማው የተጣለለትና ጠንካራው የቀረለት ዜማ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በጉዞና በኮንሰርት መካከል እንዲደርስ ይጠበቃል። በዚህ ላይ የመጀመሪያ ሥራቸው እኛ ዘንድ የደረሰ ሙዚቀኞች ከብዙ ሺህ መካከል ነጥረው የወጡ ናቸው። ነጥረው እንዲወጡ ያደረጋቸው ችሎታም ዕድልም ነው፤ ዕድሉ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ አብሮ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ እጅግ ካስደነቀ አልበም በኋላ ጥቂት ዝቅ ያለ ሥራ መጠበቅ ጨለምተኝነት ሳይሆን ተራ ሒሳብ ነው።

ክላፕ ዩር ሃንድስ ሴይ ያ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በ2005 ያለ አሳታሚ በራሱ ያወጣው አልበም በኢንተርኔት ላይ በተጻፈለት ውዳሴ በአጭር ጊዜ ታወቀ፤ በ2007 የተከተለው ሥራ ግን ያንን አቀባበል አላገኘም። ኒውትራል ሚልክ ሆቴል በ1998 ያወጣው አልበም ዛሬም ከዘመኑ ምርጥ ሥራዎች ተርታ ይቆጠራል፤ የባንዱ መሪ ጄፍ ማንገም ግን ከዚያ በኋላ አዲስ የስቱዲዮ አልበም አላወጣም። በ1998 የአልበሙን ጥራት ብቻ ይዞ ግምት የሰጠ ሰው ሙሉ በሙሉ በተሳሳተ ነበር።

የሚሻለው ሦስተኛውን አልበም መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የተረፉ ዘፈኖችን ስለሚይዝ ያሳስታል። ሦስተኛው ላይ ሲደረስ ግን ክምችቱ አልቋል፤ የምንሰማው ሙዚቀኛው ከባዶ ተነሥቶ ዘፈን የሚሠራበትን መንገድ ነው። ይህን ያህል መታገሥ ለማይችል ሰው በአልበሞች መካከል የሚወጡትን ነጠላ ዜማዎችና አጫጭር ስብስቦች ማድመጥ ይጠቅማል። ማንም ብዙ በማይጠብቅበት ሥራ ላይ የሚታየው ጥንቃቄ ስለ ወደፊቱ ብዙ ይናገራል።

ከውድቀት በኋላ ምን እንደቀረ ይመልከቱ

ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ስፑን የተባለው የቴክሳስ ባንድ የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም በ1998 ማንም ጤነኛ ሰው በእርሱ ላይ ገንዘቡን አይወራረድም ነበር። ባንዱ በኦስቲን ከተማ በ1993 ተመሠረተ። በ1996 ማታዶር በተባለው አሳታሚ በኩል የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ከሌሎች ባንዶች ጋር በመመሳሰሉ ተተቸ። ሁለተኛውን አልበም በ1998 ያወጣው ኤሌክትራ የተባለው ትልቅ አሳታሚ ሲሆን፣ ሽያጩ ስላላረካው ከጥቂት ወራት በኋላ ባንዱን አሰናበተ። በዚያን ጊዜ በነበረው ገበያ ይህ የአብዛኞቹ ባንዶች መጨረሻ ነበር።

ከዚያ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ2001 በሰሜን ካሮላይናው መርጅ ሪከርድስ በኩል ሦስተኛው አልበም፣ ገርልስ ካን ቴል፣ ወጣ። በ2002 ኪል ዘ ሙንላይት ተከተለ፤ ከዚያም በ2005፣ በ2007፣ በ2010፣ በ2014፣ በ2017 እና በ2022 አልበሞች ወጡ። የሃያሲያንን ነጥብ እየሰበሰበ አማካይ የሚያወጣው ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ፣ የ2000ዎቹ ዐሥር ዓመታት ሲጠናቀቁ ስፑንን የዘመኑ ቀዳሚ ባለ ነጥብ ብሎ ሰይሞታል።

ታዲያ በ1999 ምን ማየት ይቻል ነበር? በመጀመሪያ፣ ዘፈን የሚጽፈውና የሚዘፍነው ብሪት ዳንኤልና ድራመሩ ጂም ኢኖ ሁለቱም በቦታቸው ነበሩ፤ ሌሎቹ ተጫዋቾች ሲቀያየሩ እነዚህ ሁለቱ አልተለያዩም። ሁለተኛ፣ ኢኖ በምሕንድስና ሥራ የሚተዳደር ሰው ስለነበረ የባንዱ ገቢ ሲቋረጥ ኑሮው አልተቋረጠም፤ በኦስቲን የራሱን የመቅረጫ ስቱዲዮም አቋቁሟል። ሦስተኛውና ለጆሮ የሚቀርበው ምልክት ባንዱ ወደ መቀነስ ማዘንበሉ ነው፤ ይህ ጎልቶ የተሰማው ግን ከ1999 በኋላ ነው። ኪል ዘ ሙንላይትን የሚከፍተውን ስሞል ስቴክስን ያድምጡ፤ ዘፈኑ የቆመው በተደጋጋሚ የኪቦርድ ምትና በታምቡሪን ላይ ነው፤ ሌላ ባንድ በጊታር የሚሞላውን ቦታ እነርሱ ባዶ ይተዉታል። በዚያው አልበም ያለው ዘ ዌይ ዊ ጌት ባይ ደግሞ ክብደቱን በሙሉ በፒያኖ ላይ ይጥላል። ምን እንደሚቀነስ የሚያውቅ ሙዚቀኛ በሚቀጥለው አልበም ሌላ ነገር መቀነስ ይችላል፤ መጨመር ብቻ የሚያውቅ ግን የሚጨምረው የሚያልቅበት ቀን ይመጣል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ተቃራኒ ምሳሌዎች እንዳሉም አውቃለሁ።

ሒሳቡን ያስሉ

በትልልቅ አሳታሚዎች ዘንድ የተለመደው ውል ለሙዚቀኛው ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ ይህ ገንዘብና የቀረጻው ወጪ ግን ከሙዚቀኛው ድርሻ እየተቆረጠ ይመለሳል፤ አልበሙ ካልተሸጠም ዕዳው ብዙ ጊዜ ወደ ቀጣዩ አልበም ይዞራል። ሙዚቀኛው የተወደደ አልበም አውጥቶ ሳለ ዕዳ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በአንጻሩ የቺካጎው አሳታሚ ተች ኤንድ ጎ ያለ ጽሑፍ፣ በእጅ መጨባበጥ ብቻ፣ ወጪ ከተነሣ በኋላ ትርፉን ከባንዶቹ ጋር እኩል በመካፈል ይታወቅ ነበር። በእንዲህ ያለ ስምምነት ጥቂት ሺህ ታማኝ ገዢ ያለው ባንድ ሊዘልቅ ይችላል።

ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ሙዚቀኛ አንድ አልበም ለመሥራት ስንት ያስፈልገዋል የሚል ነው። ማውንቴን ጎትስ የተባለው ባንድ መሪ ጆን ዳርኒየል ቀደምት ዘፈኖቹን በአንድ ተራ የፓናሶኒክ ቴፕ እየቀዳ፣ በአእምሮ ሕሙማን መርጃ በነርስነት እየሠራ ነበር የጀመረው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልበም እያወጣ ነው። በ1984 በኒው ጀርሲዋ ሆቦከን የተመሠረተው ዮ ላ ቴንጎ የተባለ ባንድ በ2023 ያወጣውን አልበም ራሱ ቀርጾ ራሱ አዘጋጅቶታል። ወጪው ያነሰ ሙዚቀኛ አንድ አልበም ቢከሽፍበት እንኳ ሌላ ለመሞከር ዕድል አለው፤ በረጅም ጊዜ ደግሞ የሚበልጠው ብዙ የመሞከር ዕድል ያለው ነው።

ለውጡ ምኑን እንደነካ ይለዩ

አልበም በወጣ ቁጥር «አዲስ ድምፅ» እየተባለ የሚነገረው አብዛኛው የሽፋን ለውጥ ነው፤ ጊታር በሲንተሳይዘር ይተካል፣ የዘፈኑ አጥንት ግን እንዳለ ይቀራል። የሚፈለገው ሙዚቀኛው አንድ ነገር አጥብቆ ይዞ ሌላውን ሁሉ የመልቀቅ ድፍረቱ ነው። በሚኔሶታዋ ዱሉት በ1993 የተመሠረተው ሎው የተባለ ባንድ መጀመሪያ የታወቀው እጅግ ዝግ ባለና ጸጥ ባለ አጨዋወቱ ነበር። በ2018፣ ሩብ ምዕት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከፕሮዲውሰር ቢ ጄ በርተን ጋር የሠራው ደብል ኔጌቲቭ ድምፁ የተቀደደ፣ የሚንኮሻኮሽ፣ አንዳንዴም መሣሪያው የተበላሸ የሚመስል አልበም ነው። በዚያ ፍርስራሽ መካከል ሳይነካ የቀረው የባልና ሚስቱ የአለን ስፓርሆክና የሚሚ ፓርከር የድምፅ ስምምነት ነው። ብዙ ሃያሲያን ይህንንና በ2021 የተከተለውን አልበም ከባንዱ ምርጥ ሥራዎች መካከል ይቆጥሯቸዋል። ፓርከር በ2022 ስታርፍ የባንዱ ታሪክ አበቃ፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚተነብይ ምልክት የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

በእኛ አልበሞች ላይ

ይህን ዘዴ በአማርኛ አልበሞች ላይ ለሚጠቀም ሰው አንድ ማሻሻያ ያስፈልጋል። በምዕራቡ ኢንዲ ዓለም ዘፋኙ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊም ነው። በእኛ ዘንድ ግን ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከድምፃዊው ፎቶግራፍ በፊት የሽፋኑን ጀርባ ማንበብ ይገባል። በ2019 ያረፈው ኤልያስ መልካ ያቀናበራቸውን ሥራዎች የተከታተለ አድማጭ የብዙ ድምፃውያን ተወዳጅ አልበም ከአንድ ሰው እጅ እንደወጣ ያውቃል። የድምፃዊው ቀጣይ አልበም ላይ ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ሁሉም ተቀይረው ከሆነ የቀድሞው አልበም ጥራት ለግምት የሚሰጠው ማስረጃ እጅግ አነስተኛ ነው፤ የሚገመተው በሌላ ቡድን የሚሠራ ሌላ አልበም ነውና።

ረጅም ዝምታን እንደ ፍጻሜ መቁጠርም ስሕተት ነው፤ ለዚህ ከኃይሉ መርጊያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ሲሄድ እዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የድራም ማሽን ይዞ ብቻውን የሠራው ካሴት ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት በታክሲ ሹፌርነት ኖረ። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አነስተኛ አሳታሚ ያንን ካሴት በ2013 እንደገና አሳተመው፤ በ2018 ላላ በሉ፣ በ2020 ደግሞ የኔ ምርጫ የተባሉ አዳዲስ አልበሞች መጡ። ያለፈውን ዝና ለማሞቅ ብቻ የተሠሩ አይደሉም፤ ላላ በሉ ላይ ከቤዝና ከድራም ተጫዋች ጋር በሦስት ሰው ብቻ የሚሄደው ጨዋታ ልምምዱን ያልተወ ሰው እጅ ያሳያል። ምስጢሩን ራሱ በቃለ መጠይቆች ተናግሮታል፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ኪቦርዱን ከታክሲው የዕቃ መጫኛ አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ዝም ያለ ሙዚቀኛ ሲያጋጥም እንግዲህ ማጣራት የሚገባው መጫወቱን ትቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

ግምቱን ጽፈው ያስቀምጡ

የተመልካች ብዛት፣ ሽልማትና የቃለ መጠይቅ ውበት ለዚህ ዓይነቱ ግምት እምብዛም አይረዱም፤ እነርሱ የሚለኩት ያለፈውን ወይም የማስታወቂያውን ጉልበት ነው። የሚረዳው ስሙን፣ ቀኑን፣ ምክንያቱንና የእርግጠኝነቱን መጠን በመቶኛ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። አለዚያ የሰመረውን ብቻ እናስታውሳለን። የተሸነፉትንም በአንድ ዝርዝር ይያዙ፤ ወጪው ዝቅተኛ፣ አባላቱ የተስማሙ ሆነው ሳለ ደካማ አልበም የሚያወጡ ብዙ ባንዶች አሉና ምልክቶቹ ምን ያህል እንደሚያሳስቱ የሚታወቀው ከእነርሱ ነው።

ለማሳያ ያህል የራሴን ላስቀምጥ። ቢግ ቲፍ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ከ2016 ጀምሮ አልበም እያወጣ ነው፤ በ2019 ብቻ ሁለት አወጣ፤ በ2022 ያወጣውን ባለ ሃያ ዘፈን አልበም በአራት የተለያዩ የአሜሪካ ክፍሎች ቀርጾታል። የዘፈኖቹ ዋና ጸሐፊ አድሪያን ሌንከር በ2020 ከባንዱ ውጪ በማሳቹሴትስ በአንዲት ጠባብ የእንጨት ቤት ውስጥ አልበም ሠርታለች፤ ይህ ወጪዋ ዝቅተኛ መሆኑንና ባንዱ ባይኖርም መጻፏ እንደማይቆም ያሳያል። በሌላ በኩል ቤዝ ተጫዋቹ በ2024 ለቋል፤ የ2025ቱ አልበም የወጣው በሦስት ቋሚ አባላት ነው። ከ2026 እስከ 2035 ባለው ጊዜ ሌንከር በባንዱ ወይም በራሷ ስም ከ2022ቱ አልበም የማያንሱ ሁለት አልበሞች ታወጣለች በሚለው ላይ ሰባ በመቶ እሰጣለሁ፤ ባንዱ ራሱ ያወጣቸዋል በሚለው ላይ ግን ከአርባ በላይ አልሰጥም። ድራመሩ ጄምስ ክሪቭቼኒያም ከለቀቀ ሁለተኛውን ቁጥር ወደ ሃያ አወርደዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ግን አልነካውም።